የትንሿ መላጊያ ጥላ

ጥቅምት 3

ለወንድም ጋሼ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? እኔ ሰጋቱራው ከሚያስነጥሰኝ በቀር ደህና ነኝ። ከሁሉ በፊት ይቅርታህን እለምናለሁ፤ ሥራ የገባሁት የት እንደሆነ ከሌላ ሰው መስማት አልነበረብህም። «እዚያ ሰውዬ ቤት? አብደሻል እንዴ?» ብለህ ለጻፍከው፣ አላበድኩም። የነበርኩበት የወንበር መሥሪያ ቤት ተዘጋ፤ ሁለት ወር ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ፤ «ሴት አናጢ» ብሎ ያልሳቀብኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። የማን እህት እንደሆንኩ ያውቃሉ። ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ነገ አንድ ሰዓት ተኩል። ጥፍርሽን ቆርጠሽ» አሉኝ። 

ሠራተኛው በሌሉበት «አቶ በቦታው» ይላቸዋል። ግድግዳውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፣ በላዩ የእያንዳንዱ ዕቃ ጥላ በጥቁር ቀለም ተስሏል፣ ማታ መጋዙ ከመጋዝ ጥላው፣ መሮው ከመሮ ጥላው ላይ መተኛት አለበት። በሦስተኛው ቀን መዶሻ ሰቅዬ ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«ይሄ መዶሻ ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ ቀኝ።»

«ጥላውስ?»

«ወደ ግራ።»

«እንግዲያው ተጣልተዋል። አስታርቂያቸውና ሂጂ።»

የወደቀ ሚስማር ካዩ ደግሞ አንስተው በመዳፋቸው ይዘው፣ «የማን ልጅ ነው የጠፋው?» እያሉ ከአንዱ የሥራ ባንኮ ወደ ሌላው ይዞራሉ። ባለቤቱ እስኪገኝ መዶሻ የሚመታ የለም። የመጀመሪያውን ሳምንት ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ማንኪያዎቼን በቁመታቸው ስደረድር ራሴን ያዝኩት።

ዕቃ ሲጠፋ ዛሬም ሰው ያግታሉ ወይ ላልከው፣ እንደዚያ የሚባል ነገር አላየሁም። አስራ አንድ ሰዓት ሲሞላ እጃቸውን ያጨበጭቡና «ዕቃ ወደ ቦታው፣ ሰው ወደ ቤቱ!» ይላሉ። የጎደለ ካለ ሁላችንንም አስወጥተው ብቻቸውን ይፈልጋሉ። ስምህን ያነሳሉ ወይ ላልከው፣ አያነሱም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከታች በኩል፣ ዕቃ የሌለው አንድ ጥላ አለ። መዳፍ የምትሞላ ትንሽ የእንጨት መላጊያ ጥላ ናት። ለጠፋ ሚስማር ቤቱን የሚገለብጡ ሰውዬ ስለዚህች አንዲት ቃል አይተነፍሱም። አንተ ታውቅ ይሆን?

እህትህ

---

ጥቅምት 17

ለእህት ዓለሜ፣

ደብዳቤሽን ተናድጄ ሁለት ቀን ሳልከፍተው ትራሴ ስር አሳደርኩት። ለዚህም ይቅር በዪኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው ነው፤ አሁንም ወደቡ ዳር ያለው መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማሸጊያ ሳጥን በሚስማር እመታለሁ። እዚህ መዶሻ ወለል ላይ ያድራል፤ ጠዋት ቀድሞ የደረሰ ያነሳዋል። የሚቆጣ የለም። ሳጥኑም ተከፍቶ ይጣላል እንጂ ማንም ደህና ተሠርቷል ብሎ አያየውም።

ሰው ወደ ቤቱ ይሰዳል ነው ያልሽኝ? እኔ አላምንም። በእኛ ጊዜ መፈክሩ ሌላ ነበር፤ «ዕቃ ቦታው ሳይገባ ሰው ቤቱ አይገባም» ነበር የሚለው። አንቺ ልጅ ስለነበርሽ እንጂ ያን ቀን አትረሺውም። ዘንድሮ አስራ አንድ ዓመቱ ነው። አንድ ዕቃ ጎደለ ተብሎ ስምንት ሰው ከአስራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሦስት ሰዓት ሙሉ በየባንኮው ተገተረ። እናታችን መታመሟን ሰውዬው ያውቅ ነበር። ያን ቀን እንደሚብስባት ግን ማንም አላወቀም፤ በዚህ እንኳ አልከሰውም። ሲለቀን እየሮጥኩ መጣሁ፤ በሩ ላይ አንቺን አገኘሁሽ፤ ፊትሽን ሳይ ሁሉም ነገር አለቀ።

ዛሬም ግድግዳው በሕልሜ ይመጣል። ዕቃዎቹ በመስኮት ወጥተው ሄደዋል፣ ጥላዎቹ ብቻ ቀርተዋል። መዶሻ ልሰቅል እጄን ስዘረጋ፣ እጄ ራሱ አንዱ ጥላ ላይ ልክክ ይልና አልላቀቅ ይለኛል። ከዚያ እነቃለሁ።

ስለ ትንሿ ጥላ ማንንም አትጠይቂ። እኔንም አትጠይቂኝ።

ወንድምሽ

---

ኅዳር 10

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። አመመኝ ያልከኝ ጉሮሮህ እንዴት ሆነ? ማር እንኳ የሚገዛልህ የለም እኮ።

«ጭራሽ ወደድሽው አይደል?» ላልከኝ ምን እንደምመልስልህ አላውቅም። ሰውዬውን አልወደድኩም፤ ቤቱን ነው የለመድኩት። አስር ሰዓት ግድም ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ስትገባ ብናኙ ሁሉ አየር ላይ ይቆማል፤ የመላጊያው ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ እግሬ ላይ ሲወርድ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ስላለ እጄን ሳላይ እዘረጋለሁ፤ የፈለግኩትን አገኛለሁ። ሳላስብ አንድ ሙሉ ቀን ያልፋል። እንደዚህ ያለ ዕረፍት በእንቅልፍም አላገኘሁ።

ባለፈው ሐሙስ ሻርፔን ረስቼ ተመለስኩ። መብራቱ ሁሉ ጠፍቷል፣ የመስኮቱ ዳር ብቻ በርቷል። አቶ በቦታው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያቺን ባዶ ጥላ ያያሉ።

«ምን ጠፋ?» አልኳቸው።

«ምንም አልጠፋም። ሂጂ፣ ይመሽብሻል» አሉኝ። ደንግጬ ሻርፔን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ጠዋት ታጥፎ ባንኮዬ ላይ አገኘሁት።

ግድግዳው በሚቀጥለው ሳምንት ሊቀባ ነው። ዕቃው ሁሉ ይወርዳል፣ ነጭ ይቀባል፣ ከዚያ ጥላው እንደገና ይሳላል። የመሳሉን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። ዕቃውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ዙሪያውን አስምሬ፣ ውስጡን አጠቁራለሁ። ለሃያ ዓመት ሠራተኛ የማይሰጥ ሥራ ነው ብላ ቫርኒሽ የምትቀባው እትዬ ቀናችብኝ። አንተስ ትንሽ አትኮራብኝም?

እህትህ

---

ታኅሣሥ 3

ለወንድም ጋሼ፣

ደህና ነህ? እባክህ ደህና ነኝ በለኝ። ይሄ መልስ ያላገኘሁበት ሦስተኛው ደብዳቤ ነው። ፖስታ ቤት ያለው ሰውዬ ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል።

ግድግዳውን ጨርሻለሁ። አቶ በቦታው እንጨት ሊገዙ ሄደው ስለነበር ብቻዬን ሠራሁት። ትንሿን መላጊያ ግን ምን አስደግፌ ልሳላት? ዕቃዋ የለም። ደግሞም ዕቃ የሌለው ጥላ ለእሳቸው ዓይን ቆሻሻ ነው፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ አሰብኩ። ነጭ አድርጌ ተውኳት።

ሲመለሱ ከግራ ጀምረው እያንዳንዱን አዩ። «ጥሩ እጅ አለሽ» አሉኝ፤ ለማንም ብለው አያውቁም። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ግድግዳውን ነኩት። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ፤ እኔም የዚያን ቀን አንተን እያሰብኩ ሳለቅስ ውዬ ዓይኔ ደም መስሎ ነበር። ባርኔጣቸውን አወለቁ። በእጃቸው እንደያዙት ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ያለሁበት ቤት ሕልም ይሁን እውን አላውቅም። ሦስት ቀን ሱቁን ዘጉት። ሲከፍቱ ጥቁር ለብሰው መጡ። ሰጋቱራው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፣ ጥረጉ የሚል የለም። መዶሻ ወለል ላይ ያድራል። ትናንት እንዲቆጡ ብዬ ሆን ብዬ ሚስማር ጣልኩ፤ ረግጠውት አለፉ። እኔን ሲያዩ «በርቺ» ብቻ ይላሉ። እትዬ ጭንቅላቴን ትስመኛለች። ሊያባርሩኝ ነው መሰል፤ ማንም አይነግረኝም። የመጀመሪያ ቀን ደስ አለኝ፤ አሁን ግን ፈራሁ። ቁጣቸው ይሻለኛል።

ጻፍልኝ።

እህትህ

---

ታኅሣሥ 11

እህቴ፣

ትንሿን ጥላ አጠፋሻት? ወይኔ እህቴ፣ በቁሜ ቀበርሽኝ እኮ!

አንቺ አታውቂም፣ አልፈርድብሽም። በዚያ ቤት ጥላ የሚጠፋው ባለ ዕቃው ሲሞት ብቻ ነው። በመጋዝ እንጨት የሚሰነጥቀው ሽማግሌ የሞተ ጊዜ አይቻለሁ፤ መጋዙን አብረውት ቀበሩ፣ ጥላውን ነጭ ቀቡት፣ ሱቁን ሦስት ቀን ዘጉት። ያቺ መላጊያ የእኔ ዕቃ ነበረች። ደብዳቤ ጠፋ፣ አንቺ አለቀስሽ፣ ጥላዬን አጠፋሽ። ሰውዬው ሌላ ምን ያስቡ? መርዶውን መናገር አቅቷት በቀለም ነገረችን ብለዋል። ይሄ ደብዳቤ በደረሰሽ ደቂቃ ሮጠሽ ንገሪያቸው። አለሁ በያቸው።

ዝም ያልኩት አሞኝ አይደለም። አራት ደብዳቤ ጽፌ አራቱንም ቀድጃለሁ። ስለ ጥላዋ ደጋግመሽ ስለጻፍሽልኝ ነው። ሌላ ሌላውን ልጽፍልሽ ስቀመጥ ብዕሩ ወደዚያው ይሄዳል። ጥቁር ለበሱ ካልሽኝ በኋላ ግን የሆዴን በሆዴ ይዤ መኖር አልቻልኩም። ለእኔ ማንም ጥቁር እንዲለብስ አይገባኝም፤ እሳቸው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ።

ያን ቀን የጎደለችው ዕቃ እሷ ነበረች። አብሬ ፈለግኩ። ባንኮ ስር ገባሁ፣ ሰጋቱራ በጣቴ በተንኩ፣ ሰውዬውን በሆዴ ረገምኩ። እናታችንን ከቀበርን በኋላ ሽርጤን ላጥብ ሳነሳው ከበደኝ። ጨርቁና ብርጭቆ ወረቀቱ መሐል፣ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ጠዋት የመስኮት ክፈፍ ሳስተካክል ከትቻት ረስቻታለሁ። እጄን አንድ ጊዜ ኪሴ ብከት ኖሮ በአስራ አንድ ሰዓት ቤት ነበርኩ።

በማግስቱ ባቡር ተሳፈርኩ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንቺንም፣ ዘመዱንም፣ ራሴንም «ሰውዬው ነው ያስቀረኝ» አልኩ። አሁን አወቅሽ። መላጊያዋን ከዚህ ጋር ጠቅልዬ ልኬያታለሁ። ስጪያቸው። ለእኔ መልስ ባትጽፊ አልቀየምሽም።

ወንድምሽ

---

ታኅሣሥ 26

ለወንድም ጋሼ፣

ተቀይሜሃለሁ፤ ግን እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ የእሳቸውን። ቅዳሜ ጠዋት ማንም ሳይገባ አገኘኋቸው። «ወንድሜ ደህና ነው፣ ደብዳቤ ልኳል» አልኳቸው። በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «ጽሑፉን አሳዪኝ» አሉ። ፖስታውን ሰጠኋቸው፤ በላዩ ያለውን አድራሻ ብቻ በጣታቸው እየተከተሉ አዩት። «መስመሩ ይጣመማል፤ ድሮም እንዲሁ ነው» አሉና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ለካ ለሠራተኛው ሁሉ «ራሷ እስክትናገር ማንም እንዳይጠይቃት» ብለው ነበር። ኋላ ተነስተው ፊታቸውን ጠረጉ፣ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር አዩና «ይሄ ምን የሚሉት በረት ነው? መጥረጊያ!» ብለው ጮኹ። እትዬ በደስታ ዘለለች።

መላጊያዋን ሰጠኋቸው። ጥቅሉን እንኳ አልፈቱትም። «በእጁ የወጣች በእጁ ትግባ» አሉ። መልሼ ልኬልሃለሁ።

አሁን ደግሞ ልደብቅህ አስቤ የነበረውን ስማ። ስለ ኪስህ እኔ አንዲት ቃል አልተናገርኩም፤ ሰው ያመነኝን አላወጣም። እሳቸው ናቸው ያወጡት። «ኪሱ ውስጥ ነበረች» አሉኝ። «ባንኮ ስር ሲገባ ጫፏን አየሁ። ራሱ እጁን ከትቶ ያውጣት፣ አንድ ቀን ይማርባት ብዬ ዝም አልኩ። አፌን ብከፍት አንድ ቃል ነበር። ሦስት ሰዓት ጠበቅኩ። በማግስቱ እናቱ ማረፏን ሰማሁ።» ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው አስጠብቀው አያውቁም። ያቺን ጥላ በየማታው የሚያዩት ለዚህ ነው።

ገባህ? አንተ ረሳህ፣ እሳቸው ዝም አሉ፤ ሁለታችሁም በየሆዳችሁ አስራ አንድ ዓመት ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው ብላችሁ ተቀመጣችሁ። እኔስ? ልጅ ነበርሽ ትለኛለህ፤ አስራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከእናታችን ጋር ብቻዬን ነበርኩ። ሁለታችሁም ስለዚያ ቀን ስታወሩ እኔ በሩ ላይ ብቻ ነው የምታዩኝ። በዚህ ነው የተቀየምኩት፤ በመላጊያዋ አይደለም።

አንድም ቀን ስላልጠየቅከኝ አልነገርኩህም። መስኮቱን ክፈቺልኝ ብላኝ ነበር። የእናንተን መጋዝ መስማት ትወድ ነበር፤ የአንተን ከሌላው ለይታ አውቃለሁ ትል ነበር። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ድምፁ ሲቆም ፈገግ አለች። «መጋዙ ዝም አለ። መጣ ማለት ነው» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ አልተናገረችም። አልጠራችህም፣ አልናፈቀችህም። ቀርቷል ብላ አይደለም የሄደችው፤ መንገድ ላይ ነው ብላ ነው።

ይሄን ለአስራ አንድ ዓመት ብቻዬን ተሸክሜዋለሁ። ና እና አግዘኝ።

እህትህ

---

ጥር 7

እህት ዓለሜ፣

ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። ስላልጠየቅኩሽ ይቅር በዪኝ። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ትመጣለህ ወይ ላልሽኝ፣ እዚህ ፈቃድ አይሰጡም። ባቡሩም ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ብርድ ነው፣ ጉሮሮዬም አልዳነም። ደግሞስ በምን ፊቴ? በሚቀጥለው ዓመት ምናልባት። ሰላም በያቸው።

ወንድምሽ

---

ጥር 16

ለወንድም ጋሼ፣

ጉሮሮ! ለጉሮሮህ ማር እዚህም አለ።

ምን አዲስ ነገር አለ ካልከኝ፣ ይሄው። አቶ በቦታው ጥላዋን ራሳቸው መልሰው ሳሏት። ዕቃዋ ስለሌለች በልባቸው እንደሚያስታውሷት ነው የሳሏት፤ ትንሽ ዘመመች። የእኔ ሥራ ቢሆን ሦስቴ ያስደግሙኝ ነበር።

ሰኞ አስራ አንድ ሰዓት ላይ አጨበጨቡ። «ዕቃ ወደ ቦታው፣ ሰው ወደ ቤቱ!» አሉ። ዕቃውን ሰቀልን፣ ጠረግን። ማንም አልወጣም። እትዬ ባንኮዋ ላይ ተቀመጠች። ያንተ ዘመን ሰው የሆነው ጠራቢ አጠገቧ ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ። ስድስታችንም።

«ምን ሆናችኋል? ሂዱ እንጂ» አሉ።

«አንድ ዕቃ ጎድሏል» አለ ጠራቢው። «ዕቃ ቦታው ሳይገባ ሰው ቤቱ አይገባም።»

«ያ ቀርቷል! እኔ ነኝ ያስቀረሁት!»

«እርስዎ ነዎት ያስቀሩት። እኛ መለስነው» አለች እትዬ። ዞረው መስኮቱን ማየት ጀመሩ።

ግማሽ ሰዓት ተቀመጥን። ያዘዘን የለም። ማክሰኞም፣ ረቡዕም እንዲሁ። ዛሬ እትዬ የሹራብ ክር ይዛ መጥታ ሻርፕ ትሠራለች፤ ለአንተ ጉሮሮ ነው ብላለች። ብርሃኑ ሲሄድ ዕቃዎቹና ጥላዎቹ አንድ ይሆናሉ፣ ማንም አይናገርም፣ ከውጪ የሰው ኮቴ በሰማን ቁጥር ስድስታችንም በሩን እናያለን። አቶ በቦታውም ያያሉ። እንደዚህ ዓይነት ዝምታ ደስ ይላል። ግን እራቴ እየቀዘቀዘ ነው።

ና እንጂ።

እህትህ

---

ጥር 23

እህት ዓለሜ፣

ፈቃድ ጠየቅኩ፤ ከለከሉኝ። መዶሻውን እንደ ልማዳቸው ወለል ላይ ተውኩላቸውና ወጣሁ።

ይሄን የምጽፍልሽ ከባቡር ጣቢያ ነው። ከሻንጣዬ ስር የድሮ ሽርጤን አውጥቼ ከካፖርቴ ውስጥ ለብሼዋለሁ። ሰው እያየ ይስቃል፤ ይሳቅ። መላጊያዋ በዚያው ኪስ ውስጥ ናት። በየደቂቃው እጄን እየከተትኩ አያታለሁ።

የፊታችን ቅዳሜ በአስራ አንድ ሰዓት እደርሳለሁ። ባቡሩ ካዘገየኝ ግን እባካችሁ ጠብቁኝ።

ወንድምሽ